ቆልፈነው የመጣነው ግቢ

ይህን የምጽፈው አቃቂ በሰቃ፣ ቱሉ ዲምቱና ገላን አካባቢ ቦታ ይዛችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ቤት ሠርታችሁ፣ በሩን ቆልፋችሁ ወደ ውጭ አገር ለመጣችሁ ወገኖቼ ነው። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ጥቅምት ከመግባቱ በፊት ግቢያችሁን አሳጭዱ።

ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ተቀምጬ ስለ አቃቂ ሣር የምጽፈው ሌላ ጉዳይ ጠፍቶ አይደለም። የምኖረው መጸው በመጣ ቁጥር ኮረብታውን እያየ በሚሰጋ ሕዝብ መካከል ነው። እዚህ በሕግ ተገደን የምናደርገውን ጥንቃቄ አገር ቤት ባለው ግቢያችን ላይ ስንተወው ደግሞ አያለሁ።

የአቃቂን ክረምት ያደጋችሁባት ታውቁታላችሁ። መረሬው ውሃውን ይጠጣል፤ ሙጃውና ሰንበሌጡ ሰው ያልረገጠውን ቦታ ሁሉ ይሞላና ደረት ይደርሳል። ዝናቡ ሲቆም ግቢው ገና ለምለም ነው፣ ለዓይን ያምራል። የጥቅምት ነፋስ ግን ያደርቀዋል። ኅዳር ላይ መሬቱ ሲሰነጣጠቅ ሣሩም ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ይሆናል። በዚያው ወር ከከተማው ዳር ያለው ገበሬ ጤፉን አጭዶ ይከምራል፤ ውቂያው እስኪደርስ የዓመት ጉልበቱ ሜዳ ላይ ነው። በዚያው ወር፣ ኅዳር 12 ቀን፣ ሰፈሩ ቆሻሻውን ጠርጎ ያቃጥላል። የ1911 ዓ.ም.ን የኅዳር በሽታ ተከትሎ የቀጠለ ልማድ ነው፤ ኅዳር ሲታጠን እያልን ያደግንበት። የደረቀው ሣር፣ የተከመረው ነዶና በየደጁ የሚለኮሰው እሳት የሚገናኙት እንግዲህ በዓመቱ እጅግ ደረቅ በሆነው ወቅት ነው።

በአጥር መካከል ደግሞ የእኛ ግቢ አለ። ታላቅ እህቴ ከአቃቂ ስትደውል ከሰላምታው ቀጥሎ የምትነግረኝ ይህንኑ ነው። «የአሜሪካዎቹ ግቢ ሣር ከአጥሩ በላይ ሆኗል። በሩ ቁልፍ ነው፣ ዘበኛውም ከሄደ ቆየ። ለማን ይነገራል?» ትላለች። የእሷ ማድ ቤት ከዚያ አጥር ጋር የተያያዘ ነው። ባለቤቶቹን አላውቃቸውም፤ ክፉ ሰዎች ናቸው ብዬም አላስብም። ምናልባት ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል ይሆናሉ።

ትንሽ የሣር እሳት ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ ለመረዳት የምኖርባትን ከተማ ታሪክ ማንሳት ይበቃል። ጥቅምት 8 ቀን 1984 ዓ.ም. ከኦክላንድ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የሣር እሳት ተነሳ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰው አጠፉት፤ ጠፋ ተብሎም ታመነ። በማግስቱ እሑድ ደረቅ ነፋስ ከምሥራቅ ሲነፍስ ከአመዱ ሥር የቀረው ፍም ተቀሰቀሰ። 25 ሰዎች ሞቱ፤ 3,000 ገደማ መኖሪያ ቤቶች ወደሙ። ከጎረቤት ከተሞች ለእርዳታ የመጡት ሠራተኞች የውሃ ቱቧቸው ከኦክላንድ የውሃ መቅጃ ጋር አልገጥም ብሏቸው ተቸግረው ነበር፤ የከተማዋ ማያያዣ መጠኑ ከሌሎቹ የተለየ ነበርና። የኮረብታው መንገድ ጠባብ ስለነበር የሚሸሸው መኪናና የሚመጣው የእሳት አደጋ መኪና ተጠላለፉ። ዛሬ በዚያ ኮረብታ ያለ ቤት ሁሉ ሣሩ መታጨዱ እየተጎበኘ ይጣራል። የካሊፎርኒያ ሕግም ለእሳት በተጋለጡ አካባቢዎች ባለቤቱ ከቤቱ ዙሪያ እስከ 30 ሜትር ድረስ የሚቀጣጠለውን ነገር እንዲያነሳ ያስገድዳል።

ጥቅምት 29 ቀን 2011 ዓ.ም. ፓራዳይዝ የምትባለው የካሊፎርኒያ ከተማ የመጸው ዝናብ ዘግይቶባት ስትቃጠል የ85 ሰው ሕይወት ጠፋ። ሎስ አንጀለስ ያላችሁት ደግሞ የ2017ን ገና አትረሱትም። ያን ቀን፣ ታኅሣሥ 29፣ ፓሊሴድስ ላይ ረፋዱ ላይ እሳት ተነሳ፤ ማምሻውን ከአልታዲና በላይ ሌላው ተከተለ። ከበጋው ወዲህ ይህ ነው የሚባል ዝናብ አልጣለም ነበር። በአልታዲና በኩል ብቻ ከ9,000 በላይ ቤቶችና ሕንፃዎች ጠፉ። ከዚህ አደጋ ለእኛ የሚጠቅመን አንድ ነገር አለ፤ እንዲህ ባለ እሳት ብዙውን ቤት የሚለኩሰው ፊት ለፊት የሚመጣው ነበልባል አይደለም። ነፋስ ተሸክሞ የሚያመጣው ፍም ነው። ፍሙ ርቆ ይሄድና አሸንዳ ውስጥ በተጠራቀመ ቅጠል፣ ግድግዳ ሥር በተከመረ እንጨት፣ በደረቀ ሣር ላይ ያርፋል።

አሁን አቃቂ ላይ ጀምረን ያቆምነውን ቤት አስቡ። የባሕር ዛፉ መወጣጫ ዙሪያውን እንደቆመ ነው። የተረፈው ማገርና ጣውላ ጥግ ላይ ተከምሯል፤ በላዩ ሙጃው አድጎ ደርቋል። ቆርቆሮው ራሱ አይቃጠልም። ከቆርቆሮው ሥር ያለው እንጨት ግን ይቃጠላል።

አቃቂ ካሊፎርኒያ አይደለችም። ደን ተያይዞ ከተማ የሚያፈናቅልበት ቦታ አይደለም፤ እንዲህ ብዬ ላስፈራራችሁም አልፈልግም። የአገራችን ትልልቅ ሰደድ እሳቶች የተነሱት ሌላ ቦታ ነው። በ1992 ዓ.ም. የባሌና የቦረና ደን ሲቃጠል ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመንና ከአሜሪካ ባለሙያ ተጠርቶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ሰሜን ተራሮች ሲነድ፣ ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ከወጣ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ከዚያ በፊትም በኋላም ግን ጓሳውን ለማትረፍ ገደሉን የወጣው ቅጠልና አፈር የያዘ የአካባቢው ሰው ነው። ብዙዎቻችን ስልካችን ላይ ተደፍተን ያን ሰሞን እንቅልፍ አጥተናል። ያ ጭንቀት እውነተኛ ነበር፤ አከብረዋለሁ። ለዚያ ተራራ የተጨነቀ ሰው ለገዛ ግቢው ሣር እንዲጨነቅ ብለምነው አይከፋውም ብዬ አምናለሁ።

አቃቂ ላይ የሚያሰጋው እሳት ትንሽ ነው። ከመንገድ የተጣለ የሲጋራ ቁራጭ፣ ከኅዳር ጭስ የተረፈ ፍም፣ ወይም ማጨዱ ሰልችቶት ክብሪት የጫረ ዘበኛ ይበቃዋል። ይህን የመጨረሻውን አጥብቃችሁ ከልክሉ። «ሣሩን አጽዳልኝ» ብላችሁ ብር ስትልኩ «እንዳታቃጥለው» የሚለውን ጨምሩበት። ከብት ያለው ሰው ስትፈልጉ ብዙ ጊዜ ብሩም ላያስፈልግ ይችላል፤ መኖ ውድ በሆነበት አካባቢ ሣሩን አጭዶ ተሸክሞ ይሄዳል፣ አመስግኖም ጭምር። ቁልፉን ለጎረቤት ስጡ። ለዘመድ ስጡ አላልኩም፤ ዘመዱ ጀሞ ወይም ሲኤምሲ ከሆነ እሳቱ እስኪደርስ አይጠብቀውም። አጥሩን የሚጋራችሁ ሰው በሩን መክፈት መቻል አለበት። ባዶ ቤት ከሆነ መብራቱ ከቆጣሪው ይጥፋ፤ የጋዝ ሲሊንደርም ቤቱ ውስጥ አይቀመጥ። ሰው የሚኖርበት ከሆነ ደግሞ የመስኮቱ ብረት ቢያንስ በአንድ ክፍል ከውስጥ የሚከፈት ይሁን። ሌባ ፈርተን በብረት የዘጋነው መኝታ ቤት እሳት ሲነሳ መውጫ ያሳጣል።

ወደ ሰፈሩ እድር ደውሉ። እድሩ ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት አለው፤ ሰው ሲሞት ከማንም ቀድሞ ይደርሳል። የእሳት አደጋ መኪናው እስኪመጣ የሚያገለግል አካፋ፣ ረጅም የውሃ ጎማና ሁልጊዜ ሙሉ የሆነ ሮቶ ግን ያለው እድር ጥቂት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧው በዚያ ሰዓት ደርቆ ሊሆን ይችላል። የአንድ ሰፈር ልጆች ከሲያትል፣ ከዳላስ፣ ከቶሮንቶ ተጠራርተን ይህን መግዛት አያቅተንም። ቤት ከተቃጠለ በኋላ ከምናዋጣው ያነሰ ነው።

የቀረው መንገዱ ነው፤ እዚህ ላይ ከሁሉም በላይ ተጠያቂዎቹ እኛ ነን ብዬ አስባለሁ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል መኪኖቹ ወደ ውስጥ ለመግባት እንዴት እንደተቸገሩ አይተናል። መርካቶ የጠበበው በዘመናት ብዛት ነው። እኛ ግን አዲስ በተከፈለ ሰፈር ላይ አጥራችንን ወደ መንገዱ ገፋ እናደርጋለን፤ በሩ ፊት ደረጃ እንሠራለን፣ አሸዋና ድንጋይ አፍስሰን ሦስት ዓመት እንተወዋለን። የእሳት አደጋ መኪና ስፋቱ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ መታጠፊያ ደግሞ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ለገና ወይም ለጥምቀት የምትገቡ ሜትር ይዛችሁ ከእድሩ ሰብሳቢ ጋር ከዋናው መንገድ እስከ በራችሁ በእግር ሂዱና ለኩ። የጠበበው በእናንተ አጥር ከሆነ እዚያው ሳላችሁ አፍርሳችሁ መልሱት፤ የአሸዋውን ክምር አስነሱ። 939 የሚለውን የእሳት አደጋ ቁጥርም በሩ ላይ በትልቁ አስጽፉ፣ ከሥሩ ቁልፉን የያዘውን ጎረቤት ስልክ ጨምራችሁ።