አሠልጣኝ ይቀያየራል፤ ሜዳውስ?

ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን በተሸነፈ ቁጥር ከአዲስ አበባው ጳውሎስ ሰፈር እስከ ባሕር ዳር ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «አሠልጣኙ መቼ ይነሳል?» የሚል ነው። የአሠልጣኝ ውበቱ አባተ ጉዞ ግን ይህ ጥያቄ ብቻውን በቂ እንዳልኾነ ያሳያል።

ውበቱ በ2003 ዓ.ም ኢትዮጵያ ቡናን ለፕሪሚየር ሊጉ ዋንጫ አብቅተዋል፤ ኋላም ፋሲል ከነማን አሠልጥነዋል። በ2013 ዓ.ም ብሔራዊ ቡድኑን ተረከቡ። ቡድኑ መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም በባሕር ዳር ስታዲየም ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ረታ፤ በዚያው ወር ለአፍሪካ ዋንጫ ማለፉንም አረጋገጠ። በ2005 ዓ.ም ደቡብ አፍሪካ ካዘጋጀችው ውድድር ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

በካሜሩኑ ውድድር የታየው ትልቁ ክፍተት መከላከሉ ላይ ነበር። በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0 በተሸነፈበት ጨዋታ ተከላካዩ ያሬድ ባየህ ገና በጊዜ በቀይ ካርድ ወጣ። አስተናጋጇን ሀገር ዳዋ ሆቴሳ በ4ኛው ደቂቃ ባስቆጠራት ግብ ቢመራም 4 ለ 1 ተረታ። ከቡርኪና ፋሶ ጋር ደግሞ 1 ለ 1 ተለያየ። ኳስን ከኋላ መሥርቶ በአጭር ቅብብል መጫወት የውበቱ መለያ ነው፤ ኳሱ በተነጠቀ ጊዜ ግን የኋላው መስመር ይጋለጣል። በዚህ አሠልጣኙ ቢወቀሱ ተገቢ ነው።

ነገር ግን በዚሁ አጨዋወት ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም ግብጽ 2 ለ 0 ተሸንፋለች። ድሉ የተገኘው በባሕር ዳር ሳይኾን በማላዊዋ ሊሎንግዌ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የባሕር ዳር ስታዲየም መስፈርቱን አያሟላም በማለቱ ቡድኑ በሀገሩ መጫወት አልቻለም። ጋናን በጆሃንስበርግ፣ ጊኒን በሞሮኮ በባለሜዳነት አስተናገደ። በመጋቢት 2015 ዓ.ም በጊኒ ሁለት ጊዜ ከተሸነፈ ከሳምንታት በኋላ ውበቱ ከኃላፊነት ተነሱ።

ባለሜዳነት ስም ብቻ አይደለም። የደጋፊ ድምፅ፣ የመግቢያ ገቢና የተጫዋች እረፍት ከሜዳው ጋር አብረው ይሄዳሉ። በሰው ሀገር ሲጫወቱ እነዚህ ሁሉ ይቀራሉ፤ የጉዞና የማረፊያ ወጪ ይጨመራል። አሠልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ ሲተኩም ችግሩ አልተለወጠም፤ በ2016 ዓ.ም መገባደጃ ኢትዮጵያ ዴሞክራቲክ ኮንጎን ያስተናገደችው በዳሬሰላም ነበር፤ 2 ለ 0 ተሸነፈች።

አርሶ አደሩ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ማሳ ሳይኖር አራሹ ቢለዋወጥ ጎተራ አይሞላም። አሠልጣኝን በውጤቱ መመዘን ትክክል ነው። ሜዳውን አሟልቶ የማቅረብ ኃላፊነት ያለባቸው አካላትም በዚያው ሚዛን ሊመዘኑ ይገባል።