ባሌስትራ ከመጨመር በፊት

የበኩር ልጄ ባለፈው ወር ብር ሊበደረኝ መጣ። ለአሮጌው ሃይሉክሱ ከኋላ ባሌስትራ ሊያስጨምር ነው። ከሱሉልታ ውሃ እየጫነ አዲስ አበባ ለሚሠሩ ሕንፃዎች ሊያቀርብ አስቦ 2,000 ሊትር የሚይዝ ታንከር ያለው ተሳቢ አሠርቷል። «እማዬ፣ ሲጫን ኋላው መሬት ሊነካ ይደርሳል፤ ሁለት ብረት ቢደረብለት ይበቃዋል» አለኝ።

ብሩን ከመስጠቴ በፊት የሰፈራችንን መካኒክ ጠየቅሁ። ልጆቹን የከተብኩለት ሰው ስለሆነ አይዋሸኝም።

«ሲስተር፣ እስቲ እንደምር» አለ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ከነተሳቢው ብረት 2,500 ኪሎ ይሆናል። ከዚህ ከመቶ ከ10 እስከ 15 እጁ መጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ተሳቢው ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ይህ ማለት ከ250 ኪሎ በላይ የመኪናውን ኋላ ይጫነዋል። ኋላው ሲረግጥ ፊቱ ይቀላል፣ መሪው አይታዘዝም፣ መብራቱም ሽቅብ ያያል። ባሌስትራ የኋላውን መርገጥና የመብራቱን ሽቅብ ማየት ያስተካክላል፤ እስከዚህ ልጄ ልክ ነው። (ባዶውን ሲሄድ ግን ወገብ ይሰብራል፤ ከእንግዲህ ለንግሥ በእሱ መኪና አልሄድም።)

ፍሬኑ ግን ያው ነው። አክሱሉም፣ ሻንሲውም ያው ነው። ብዙዎቹ ፒክአፖች ፍሬን የሌለው ተሳቢ እንዲጎትቱ የሚፈቀድላቸው እስከ 750 ኪሎ ነው። የልጄ ተሳቢ ፍሬን የለውም፤ ብየዳ ቤቱ ጎማና ታንከር ገጥሞ ነው ያስረከበው።

ጤና ጣቢያ ስሠራ የሚያስቸግረኝ ትኩሳት ማውረጃ ውጦ የሚመጣ በሽተኛ ነበር። ቴርሞሜትሩ ደህና ነው ይላል፣ በሽታው ግን ውስጥ አለ። የመኪናው መርገጥም «ከበደኝ» ማለቱ ነው። ባሌስትራው ምልክቱን ያጠፋና ሾፌሩ ቀና ያለ መኪና አይቶ ይተማመናል፤ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ግን 2,500ው ኪሎ ከኋላ ይገፋዋል። የዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጄ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋቢና ውስጥ ነው።

ልጄን ጠርቼ «ብሩን እሰጥሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን ለተሳቢው ፍሬን ይገጠም» አልኩት። «ሥራው ይቆማል እኮ!» ብሎ ቡናውን ሳይጨርስ ወጣ። አልተሳሳተም፤ ሦስት ሳምንት ያለ ገቢ መቀመጥ ቤት ላለው ሰው ቀላል አይደለም። ሚስቱም ደውላ አኩርፋብኛለች።

በአራተኛው ቀን ራሱ ተሳቢውን ጋራዥ አስገባ። የሚገጠመው ፍሬን መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ተሳቢው ወደፊት በሚገፋበት ኃይል የራሱን ጎማዎች የሚይዝ ነው። ታንከሩ ውስጥም ውሃው እንዳይናጥ መከፋፈያ ይበየዳል። መካኒኩ የመኪናውን መመሪያ አይቶ፣ ከሚፈቀደው ክብደት እንዳያልፍ ታንከሩ ላይ የውሃ ልክ በቀለም ያሰምራል። ባሌስትራውና ሾኩ ከዚያ በኋላ ነው።

ሲያልቅ መጀመሪያ ባዶውን፣ ከዚያ እስከ መስመሩ ሞልቶ ሜዳ ላይ ይሞክረዋል፤ ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ነው። ልጁ እስከዚያ ቅዳሜን እኔ ጋ ይውላል።