ተራራ በማኅበር ይጠበቃል

ባለፈው ክረምት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ካለው ቤቴ ሊጠይቀኝ መጣ። ሻይ እስኪቀርብ ድረስ ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶግራፍ አሳየኝ። እርሱና የመሥሪያ ቤቱ ባልደረቦች አንድ ዐይነት ቆብ ደፍተው፣ እንጦጦ ላይ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ችግኝ ይዘው ቆመዋል። «ጋሼ፣ ዘንድሮም ተከልን» አለኝ። እኔም «እሰይ፣ እግዚአብሔር ይባርካችሁ፤ የአምናዎቹስ እንዴት ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ ሳቀ፤ ቀጥሎም ዝም አለ። የአምናዎቹ የት እንደ ተተከሉ እንኳ በትክክል አያስታውስም ነበር።

ይህን የምጽፈው ያን ልጅ ለማሳፈር አይደለም። ያስተማርሁት እኔ ነኝና ጥፋቱ ከእኔ ይጀምራል። አንባቢ ሆይ፣ ሌላውን ከመውቀሴ በፊት የራሴን ልናገር።

በልጅነቴ የተማርሁት በገጠር በነበረ በአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ለሁለት ለሁለት ልጆች አንድ ዛፍ ይሰጠን ነበር። ትምህርታችንን እስክንጨርስ ድረስ ውሃ የምናጠጣው፣ ከፍየል የምንጠብቀው እኛ ነን። ከሁለታችን አንዱ ቢታመም ሌላው ይተካል፤ ዛፉ ቢደርቅ ሁለቱም በክፍሉ ፊት ቆመው ምክንያቱን ይናገራሉ። ሥራው ከባድ አልነበረም፤ ነገር ግን ጠያቂ ነበረው።

መምህር በሆንሁ ጊዜ ግን ይህን መልካም ልማድ ለተማሪዎቼ አላወረስሁም። በ1978 ዓ.ም. በሰኔ ማብቂያ የተከላ ዘመቻ ታዝዞ፣ ልጆቹን አሰልፌ ከከተማው በላይ ወዳለው ኮረብታ ወጣሁ። ትእዛዙ የሚጠይቀው የጉድጓዱንና የችግኙን ቍጥር ብቻ ነበር። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ዶማዋን ተደግፋ፣ «መምህር፣ አምና እዚሁ ተክለን ነበር፤ ሁሉም ደርቀዋል። እነዚህንስ ማን ያጠጣቸዋል?» አለችኝ። ዙሪያዬን ተመለከትሁ፤ የሚሰማ አለቃ እንዳይኖር ፈራሁ። «ዝም ብለሽ ቈፍሪ» አልኋት። ልጅቱም ቈፈረች፤ እኔም ቍጥሩን ሞልቼ ሪፖርቱን ጻፍሁ።

ከዚያ ኮረብታ ላይ በዕድል ተርፈው ያደጉትን ዛፎች ደግሞ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ሕዝቡ በመጥረቢያ ጨረሳቸው። በብዙ የአገራችን ክፍል በዘመቻ የተተከለው ደን በዚያው ዓመት እንዲሁ ሆነ። አንዳንዶች «የሕዝቡ ድንቁርና ነው» አሉ። እኔ ግን ያ ዛፍ የሕዝቡ እንዳልነበረ ዐውቃለሁ። ሲተከል አልተማከረበትም፤ ሲያድግም ድርሻው ምን እንደ ሆነ አልተነገረውም። አዛዡ ሲሄድ ትእዛዙ ሄደ፤ ትእዛዙ ሲሄድ ዛፉ ሄደ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የተማርሁት አንድ ነገር ነው፤ ተራራን የሚጠብቀው የአንድ ቀን ተካይ አይደለም። የሚጠብቀው በተራራው የሚኖር ሰው ያቆመው ማኅበር፣ የማኅበሩ ደንብ፣ ደፍሮ የሚጠይቅም አንደበት ነው። ይህን ስናገር ሦስት ዐይነት ሰዎች ይቃወሙኛልና ለእያንዳንዳቸው መልስ እሰጣለሁ።

የመጀመሪያው «የተራራ ጠላቱ ገበሬው ነው፤ ያለ ልጓም ከተዉት ሁሉን ያርሳል፣ ሁሉን ያግጣል» የሚለው የተማረ ሰው ነው። ይህ ሰው እስከ መንዝ ይጓዝ። በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር አልፎ መሐል ሜዳ አጠገብ ጓሳ የሚባል ደጋ ያገኛል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ የሆነ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ቀዝቃዛ አገር ነው። ስሙን ያገኘው ከጓሳ ሣር ነው። የአካባቢው ሰው በዚህ ሣር ቤቱን ይከድናል፣ ገመድ ይገምዳል፤ ጨረንፌ የሚባለውን ቍጥቋጦም ለማገዶ ይለቅማል። ድርቅ በመጣ ጊዜ ከብቱን የሚያተርፈው በዚያ ነው። በዚሁ ደጋ ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የማይገኙት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖራሉ።

ይህን ደጋ ማን ጠበቀው? በጥናት እንደ ተገለጸው፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመንዝ ገበሬዎች ቀሮ በሚባል ሥርዐት ጠብቀውታል። የአስቦና የገራ ተወላጆች አለቆቻቸውን በጉባኤ ይመርጣሉ፤ ደጋው ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ቀኑ ታውጆ ይከፈታል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ይዘጋል። ከቀኑ በፊት ያጨደ ይቀጣል። ደን ጠባቂ መሥሪያ ቤት ከመቋቋሙ፣ አካባቢ ጥበቃ የሚል ቃል በአማርኛ ከመጻፉ በፊት ይህ ሁሉ ነበረ። እንግዲህ ገበሬው ልጓም የለውም የሚለው ሰው፣ ገበሬው ለራሱ ያበጀውን ልጓም ያላየ ሰው ነው።

ይሁን እንጂ የጥንቱን ሁሉ በማር ለውሼ ላቅርብ አልልም። በቀሮ ሥርዐት ባለ መብት የነበረው የርስት ተወላጅ ነው፤ ርስት የሌለው ሰው ከሣሩ ድርሻ አልነበረውም። ይህ በደል ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ሲታወጅ ርስት ቀረ፤ ከርስቱም ጋር ቀሮ ቀረ። ነገር ግን በደሉ ሲነሣ ደንቡም አብሮ ተነሣና፣ ጓሳ ማንም የሚገባበት፣ ማንም የማይጠይቅበት ሜዳ ሆኖ ተጐዳ። የመንዝ ሰዎች ታላቅነት የታየው ከዚህ በኋላ ነው። «የጥንቱ ይመለስልን» ብለው አላለቀሱም፤ ቀድሞ ርስት አልባ የነበረውንም ጨምረው በየቀበሌው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ መዝጋትንና መክፈትን እንደገና ጀመሩ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2012 የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ብሎ በሕግ አጸናላቸው። ልብ በሉ፤ ሕጉ ማኅበሩን አልፈጠረውም፤ የነበረውን ማኅበር አጸናው እንጂ።

ሁለተኛው ተቃዋሚ «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ችግኙን ያቀርባል፣ ዘመቻውን ይጠራል፤ እኛ ሲጠራን እንወጣለን» ይላል። መቼም ዘመቻን አልንቅም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ ሲነገር እኔም በዕድሜዬ ዶማ አንሥቼ ነበር፤ ሰው ሁሉ ወደ አፈሩ ጐንበስ ሲል ማየትም ደስ ያሰኛል። ነገር ግን መውለድና ማሳደግ አንድ አይደሉም። ልጅ በተወለደ ቀን እልል ብሎ በማግስቱ ከደጅ የሚጥለውን ሰው ወላጅ አንለውም። ታዲያ በሐምሌ ተክሎ በየካቲት የማይመለሰውን ምን እንበለው? መንግሥት ሚሊዮን ጉድጓድ ሊያስቈፍር ይችላል፤ በእያንዳንዱ ጉድጓድ አጠገብ በበጋ ጠዋት እንስራ ይዞ ሊቆም ግን አይችልም። ይህን የሚችለው ጎረቤት ነው። በደቡብ ጎንደር ባሉት አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የቀሩትን ደኖች ተመልከቱ። ሜዳው ሁሉ ታርሶ ሲያልቅ እነርሱ እንደ ደሴት ቀርተዋል። የደን ሊቁ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ይህንኑ አጥንተው ሲመክሩ፣ ካህናቱና ምእመናኑ ከእርሻቸው ላይ ድንጋይ እየለቀሙ በብዙ ደኖች ዙሪያ ካብ ካቡ። ካቡ ከብቱን ከለከለ፤ በውስጡም አዲስ ቡቃያ በቀለ። ያ ድንጋይ ከሩቅ የመጣ ርዳታ አልነበረም፤ በእግራቸው ሥር የነበረ ነው።

ሦስተኛው ተቃዋሚ የእኔው ጎረቤት የከተማ ሰው ነው። «ተራራው ሩቅ ነው፤ እኔ ሜክሲኮ ነኝ፤ ምን አገባኝ?» ይላል። ወንድሜ ሆይ፣ ሐምሌ ሲሆን መንገዱን የሚሞላው ድፍርስ ጎርፍ ከየት የመጣ ይመስልሃል? ቀበናና ቀጨኔ ከእንጦጦ ይነሣሉ፤ ወደ አቃቂ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ተራራው ሲራቈት ዝናቡ አይሰርግም፤ አፈሩን ይዞ በሩጫ ይመጣል። ከእንጦጦ ጐብጠው እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶችስ አላየህም? ማገዶው የሚነደው በእኛው ከተማ ምድጃ ነው። እነዚህን እናቶች የደን ሌባ ማለት ቀላል ነው፤ ይሁን እንጂ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ማኅበር አቋቁመው ሸክሙን በሽመና ሲተኩ፣ ለእነርሱም ለተራራውም የሚበጀውን አሳይተውናል። የድኻን መጥረቢያ ከእጁ የሚያስጥለው ዱላ ሳይሆን ሌላ እንጀራ ነው።

ደግሞም የምንኖርበት ሰፈር ስም ራሱ ይወቅሰናል። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን በወረረች ጊዜ ብዙ ኀያላን መንግሥታት ዝም አሉ፤ ሜክሲኮ ግን ከውቅያኖስ ማዶ ሆና «ይህን አልቀበልም» አለች። አደባባያችን ስሟን የያዘው ስለዚህ ነው፤ በእነርሱም ዋና ከተማ አንድ አደባባይ በኢትዮጵያ ስም ተጠርቶ ነበር። ጦር አልላከችም፤ እውነቱን መሰከረች እንጂ። እኛ በየቀኑ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» እያለ በሚጣራው ታክሲ ስንሳፈር፣ የአንድ ቅን ቃል ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ማስታወስ ይገባን ነበር።

እንዲህ ያለውን ቃል በሕንድ አገር በሂማላያ ተራራ ያሉ ሴቶችም ተናግረውታል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በመጋቢት 1974 ሬኒ በምትባል መንደር፣ ወንዶቹ ራቅ ብለው ሳሉ ደን ቈራጮች መጡ። ጋውራ ዴቪ የምትባል እናት የመንደሩን ሴቶች አስከትላ ወጣች፤ በቈራጮቹና በዛፎቹ መካከል ቆሙ፤ «ዛፉን ከመቍረጣችሁ በፊት እኛን ቍረጡ» እንደ ማለት ነው። ቈራጮቹ ተመለሱ። ቺፕኮ የተባለው ይህ ንቅናቄ እየሰፋ ሄዶ፣ በ1980 በዚያ ተራራማ አገር የደን ቈረጣ ለ15 ዓመት እንዲታገድ አደረገ። ሥልጣን አልነበራቸውም፤ ኅብረት ግን ነበራቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ልጆቼ ሆይ፣ እንግዲህ ምን እናድርግ? ዕድርን ታውቃላችሁ። ዕድር ስም የሚጻፍበት መዝገብ አለው፤ የቀረ ይቀጣል፤ ያዘነ ሰው ብቻውን አይተውም። ለሞተ ሰው ይህን ያህል የምንተጋ ሕዝብ፣ በሕይወት ላለ ተራራ ዕድር ማቆም እንዴት ያቅተናል? ዐሥርም ዐሥራ ሁለትም ሁናችሁ ተሰብሰቡ። የአገሩን ሁሉ ተራራ አትመኙ፤ አንድ ቦረቦር፣ አንድ ጥግ ያዙ። በዚያ የሚኖሩትን ሰዎች አስቀድማችሁ አማክሩ፤ ወይራና ጽድ የት እንደሚይዝ፣ ከብቱ በየት እንደሚያልፍ ከእናንተ ይልቅ እነርሱ ያውቃሉና። በሰኔ የተከላችሁትን በመጋቢት ወጥታችሁ ቍጠሩ፤ የደረቀውንም አትደብቁ። በቀበሌ ስብሰባ ስለ ተራራው ሲነገር፣ ስንት ተተከለ ሲባል፣ እጃችሁን አንሥታችሁ ስንት ጸደቀ ብላችሁ ጠይቁ።

ይህን ጥያቄ ስትጠይቁ ዝም በሉ የሚላችሁ ሰው ይኖራል። ምናልባት ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ እንደ እኔ የፈራ መምህር ይሆናል። እናንተ ግን አትቈጡት፤ ዝምም አትበሉ። ያቺ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። ከሰባ ተማሪዎች መካከል ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀች እርሷ ብቻ ነበረች፤ እኔም መምህሯ አፏን ዘጋሁት። ይህ ጽሑፍ ከአርባ ዓመት በኋላ ለእርሷ የምሰጠው መልስ ነው፤ የሚያጠጣቸው እኛ ነን፣ ልጄ፤ ማንም ሌላ የለም።