የቤተሰብ ዓምድ፦ የኋላው ፍሬን በጉልበት አይመለስም

የፊት ጎማ ፍሬን ሸራ በግቢው ውስጥ ለውጦ የሚያውቅ ሰው የኋላውንም በዚያው ዘዴ እጨርሰዋለሁ ብሎ መነሣቱ የተለመደ ነው። አዲሱ ሸራ ካለቀው ይወፍራልና፣ ወደ ውጭ የወጣው የካሊፐር ፒስተን ወደ ቦታው ካልተመለሰ አይገባም። የፊቱ ፒስተን በሞርሳ ቀስ ተብሎ ሲጫኑት ይመለሳል። የኋላው ግን በብዙ አውቶሞቢሎች ላይ እንቢ ይላል፤ ባለመኪናውም ዝጎ ነው ብሎ ጉልበት ይጨምራል። ጥፋቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የኋላ ፍሬናቸው ዲስክ በሆነ ብዙ መኪናዎች የእጅ ፍሬኑ የሚሠራው በዚያው ካሊፐር አማካይነት ነው። በፒስተኑ ውስጥ ጥርስ የወጣለት ዘንግ አለ፤ የእጅ ፍሬኑ ሽቦ ሲሳብ ዘንጉ ፒስተኑን ገፍቶ ሸራውን ከዲስኩ ጋር ያጣብቀዋል። ሸራው እያለቀ በሄደ መጠንም ፒስተኑ በጥርሱ ላይ እየተፈታ ወደ ፊት ይወጣል። እንግዲህ በጥርስ የወጣ በጥርስ ይመለሳል፤ እየተጫኑ ማዞር ያስፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚዞረው ወደ ቀኝ ነው፤ በአንዳንድ መኪናዎች ግን አንደኛው ጎን ወደ ግራ ስለሚዞር የመኪናውን መመሪያ ማየት ይገባል። በሞርሳ ተገዶ የገባ ፒስተን የውስጡ ማስተካከያ ይሰበራል። ያን ጊዜ ፔዳሉ እንደ ደኅና ሊይዝ ይችላል፤ የእጅ ፍሬኑ ግን ከድቷል። መኪናዋ በእንጦጦ ወይም በደሴ ዳገት ላይ ልጆችን ይዛ ስትቆም ይህ ምን እንደሚያስከትል መዘርዘር አያሻም።

መለያው ቀላል ነው። ፒስተኑ ፊቱ ላይ ሁለት ወይም አራት ስንጥቆች ካሉትና የእጅ ፍሬኑ ሽቦ ካሊፐሩ ላይ ከታሰረ የሚዞር ነው። የቪትዝ ባለቤቶች በአብዛኛው ከዚህ ጣጣ ነፃ ናቸው፤ ከኋላ ያላቸው ድራም ነውና። በአዝራር የሚያዝ የእጅ ፍሬን ያላቸው መኪናዎች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሎ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በመበርከታቸው፣ እነዚህም በየግቢው እየታዩ ነው። ካሊፐራቸው ላይ የተገጠመው ሞተር በመኪናው የጥገና ትእዛዝ ወይም በመመርመሪያ መሣሪያ ወደ ኋላ እንዲመለስ ሳይደረግ ፒስተኑ አይነካም። መሣሪያው የሌለው ሰው ይህን ለጋራዥ ቢተው ይሻላል።

ለሚዞረው ፒስተን የሚያስፈልገው ስንጥቆቹ ውስጥ የሚገቡ ሁለት ጥርሶች ያሉት ማዞሪያ ነው። ከገበያ ያላገኘው ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ ሄዶ ስንጥቆቹን አስለክቶ ያሠራ። ቀጥቃጭ ስንል ደግሞ አንድ ነገር ሳናነሣ አናልፍም። በጎረቤታችን ሐርጌሳ መኪናው አብዛኛው በበርበራ ወደብ የገባ፣ መሪው በቀኝ የሆነ ያገለገለ የጃፓን መኪና ነው። በዚያች ከተማ ዳሚ የተባለው ሠፈር በአመዛኙ የጋቦዬ ወገኖች መኖሪያ ነው፤ አባቶቻቸው በብረት፣ በቆዳና በፀጉር ሥራ የኖሩ፣ በሙያቸውም ምክንያት ጋብቻ ሲነፈጉ የኖሩ ናቸው። እኛም ከዚህ ነቀፋ ነፃ አይደለንም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ቀጥቃጩን ቡዳ የሚል አፍ ስለ በዛ ነበር። የሰደቡትን እጅ የልጆቻችንን ፍሬን አስተካክልልን ማለት በእኔ አስተያየት ከማስተዛዘብ ያልፋል።

ወደ ሥራው ስንመለስ፦ መሬቱ ሜዳ ይሁን፣ የፊት ጎማዎች ግራና ቀኝ በድንጋይ ይታገዱ፣ የእጅ ፍሬኑም ይለቀቅ። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር መግባት አይገባም፤ ጠንካራ ማቆሚያ ይደረግ። ካሊፐሩ በጎማ ቱቦው ላይ እንዳይንጠለጠል በሽቦ ይታሰር። ብናኙን በአፍ እፍ ማለት ክልክል ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፣ ሕፃናትም ይራቁ። ፒስተኑ ሲመለስ ዘይቱ ወደ ላይ ስለሚመጣ ጠርሙሱ ቀድሞ ይታይ፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ያነሣል። ለጎሚኒው ብለው የሞተር ዘይት የሚቀቡ አሉ። የሞተር ዘይት ጎሚኒውን ያሳብጠዋል።

ባልና ሚስት አብረው ሲሠሩ ካሊፐሩ ተፈቶ ሳለ ማንም ፔዳል እንዳይረግጥ አስቀድመው ይስማሙ፤ ከተረገጠ ፒስተኑ ተስፈንጥሮ ሊወጣ ይችላል። ሥራውን የምትሠራው ወይዘሮዋ ከሆነች፣ የዚያን ሰዓት አዛዥ ሻለቃው ሳይሆኑ እርሷ ናት።

ፒስተኑ ሲገባ ስንጥቁ ከሸራው ጀርባ ካለው እሾህ ጋር ይግጠም፤ ካልገጠመ ሸራው ጠምሞ ይበላል። ሁሉም ከታሰረ በኋላ መኪናዋ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ፔዳሉ እስኪጠነክር ድረስ ደጋግሞ ይረገጥ። የመጀመሪያዎቹ ርግጫዎች እስከ ወለሉ ይወርዳሉና፣ ይህን ረስቶ ሞተር ያስነሣ ሰው በግቢው በር ላይ ፍሬን አያገኝም። ከዚያም የእጅ ፍሬኑ በጥቂት ዳገት ላይ ይፈተን። አጭር መንገድ ተነድቶ ሲመለስ እጅ ሳይነካ ወደ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ይጠጋ፤ አንደኛው ከሌላው አብልጦ የሚያቃጥል ከሆነ ፒስተኑ በሚገባ አልተመለሰም፣ ወይም ሽቦው አልተለቀቀም ማለት ነውና ጎማው እንደገና ይፈታ።