ባለአንድ ኮከቧ

የእንቁጣጣሽ ዕለት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እህቴ ቤት ነበርኩ። ሳሩ ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ስኒ ሲያድል የቆየው የአሥራ አምስት ዓመት ልጇ ስልኩን ይዞ አጠገቤ ሸብረክ አለ። «አጎቴ፣ በስጦታ የላኩልኝ ካራት 1,500 ሞላ። አሥር ዕጣ በነጻ! አንተ ንካልኝ፤ የእንግዳ እጅ ይቀናዋል።»

ጨዋታው «ኡማ ሙሱሜ» ይባላል፤ ካራት ደግሞ ዕጣ የሚወጣበት የጨዋታው ገንዘብ ነው። የጃፓኑ ሳይጌምስ እ.ኤ.አ. በ2021 በአገሩ፣ በ2025 ደግሞ በእንግሊዝኛ ያወጣው የፈረስ እሽቅድምድም ነው። ሯጮቹ ግን ፈረሶች ሳይሆኑ በእውነተኛ የጃፓን ፈረሶች ስም የሚጠሩ ልጃገረዶች ናቸው። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው ሲል ላደገ ሰው፣ በፈረስ ስም መጠራት ብዙም አይደንቅም።

ነካሁለት። ብልጭ ድርግም ሲል ቆየና ዕጣዎቹ ተዘረገፉ። ልጁ ፊቱን አጨማደደ። «ኤጭ! ሐሩ ኡራራ! አንድ ኮከብ ናት፤ ደግሞም አለችኝ።»

የዕድሉን ዝርዝር እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። አልተደበቀም፤ ግን ተፈልጎ የሚነካ ቦታ ላይ ነው። ባለሦስት ኮከብ የማግኘት ዕድል 3 በመቶ፣ እሱ የሚመኛት የወቅቱ ተፈላጊ ደግሞ 0.75 በመቶ። በናፕኪን ላይ አሰላሁት፦ አሥር ነጻ ዕጣ ካወጡ 100 ልጆች 93ቱ የሚመኟትን ሳያገኙ ይመለሳሉ። 200 ጊዜ ያወጣ የፈለጋትን መርጦ ይወስዳል። ለዚያ የሚያስፈልገው 30,000 ካራት ነው፤ ወቅቱ ካለፈ ደግሞ በየዕጣው የተጠራቀመው ነጥብ ለሌላዋ አያገለግልም።

እንግዲህ ነጻው ነገር ምንድን ነው? ሽልማቱ አይደለም፤ መሞከሩ ነው። አሥሩን ዕጣ ሲሰጡህ ከመሰላሉ የመጀመሪያ እርከን ላይ አቆሙህ ማለት ነው። ጅማሬው ከእነሱ፣ ፍጻሜው ከኪስህ። ትዕግሥት ያለው ልጅ ካራቱን ለወራት እያጠራቀመ ያለ ክፍያ ይደርስ ይሆናል፤ ችኩሉ ግን የእናቱን ካርድ ይጠይቃል።

ጨዋታ ይከልከል የሚል ሰው አይደለሁም። ጃፓን እንኳ እ.ኤ.አ. በ2012 የከለከለችው አንድ ዓይነቱን ብቻ ነበር፤ በዕጣ የሚወጡ ክፍልፋዮችን አሟልተህ ካልሰበሰብህ ዋናውን ሽልማት የማይሰጠውን። ቤልጅግ እ.ኤ.አ. በ2018 ጠንከር ብላ፣ ገንዘብ ተከፍሎበት ምን እንደሚወጣ የማይታወቅ ሣጥን ቁማር ነው አለች። የእኔ ጥያቄ ከሁለቱም ያንሳል። «በነጻ!» የሚለው ቃል በትልቁ ከተጻፈ፣ «ከ100 93ቱ ባዶ እጃቸውን» የሚለውም አጠገቡ በዚያው መጠን ይጻፍ። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው ማለት ያን ጊዜ ነው።

ይህን ስለው ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «ሐሩ ኡራራ እኮ የእውነት ነበረች» አለኝ። ታሪኳን ያወቅሁት ከእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የተወለደች ባዝራ ናት። በደቡብ ጃፓን ኮቺ በሚባል፣ ለመዘጋት በተቃረበ የእሽቅድምድም ሜዳ ላይ 113 ጊዜ ሮጣ አንድም ጊዜ አላሸነፈችም። ሽንፈቷ በወሬ ሲዛመት ሰው እሷን ለማየት መጉረፍ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2004 የአገሩ ስመ ጥር ጋላቢ ዩታካ ታኬ ራሱ ተቀመጠባት፤ 13,000 ያህል ሰው ቆሞ እያየ ከአሥራ አንድ አሥረኛ ወጣች። በጃፓንኛ የውርርድ ትኬት «አልደረሰም» የሚባልበት ቃል «መኪና አይገጭህም» ለማለትም ያገለግላልና፣ ሰዎች በእሷ የተበሉበትን ትኬት ለክታብ ይይዙት ነበር።

ጨዋታው በእንግሊዝኛ በወጣ በሳምንታት ውስጥ የባዕድ አገር ወጣቶች ለጡረተኛዋ ባዝራ ሳር መግዣ መላክ ጀመሩ። የሚልከው ከመብዛቱ የተነሣ ድረ ገጹ ተጨናነቀ። ልጁም ሞክሮ ነበር፤ አልከፍት አለው። በዚህ ግዢ ውስጥ ዕጣ የለም፣ ኮከብ የለም፣ መቶኛም የለም። ገንዘብህን ትልካለህ፣ ፈረሷ ሳር ትበላለች፤ በቃ።

«አሁንስ ደኅና ናት?» አልኩት።

«ከትናንት በስቲያ ሞተች። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።»

ጳጉሜ 4 መሆኑ ነው። ሁለታችንም ጥቂት ዝም አልን። እህቴ በረካውን መቅዳት ጀመረች።

«ታዲያ ቅድም እሷ ስትወጣ ኤጭ ያልከው ለምንድን ነው?»

ስልኩን አየት አደረገና፣ «እዚህ ውስጥ ስለማትጠቅም» አለኝ።