የብድር መዝገባችንን ማን ከፈተው? የጋራ ክስ መብትና የመንጌ ነጋዴ

በመምህርነት ዘመናችን ስም ስንጠራ «መሐመድ አሕመድ» ባልን ቁጥር ሁለት ሦስት ተማሪዎች በአንድ ጊዜ «አቤት» ይሉ ነበር። ክፍሉ ስቆ ያልፋል። ያው ስም በባንክ የብድር መዝገብ ላይ ሲደበላለቅ ግን የሚያስቅ አይደለም።

አንድ የመንጌ ነጋዴ ወፍጮ ለመግዛት አሶሳ ሄዶ ከወለድ ነፃ ፋይናንስ ጠየቀ እንበል። «ሌላ ባንክ ያልከፈልከው ዕዳ አለብህ» ተብሎ ተመለሰ። ሰውየው ተበድሮ አያውቅም። ወይም ደግሞ ጉዳይ በሌለው ባንክ መዝገቡ ተከፍቶ እንደታየ ሰማ። ማንን ይጠይቅ? ብቻውን ልክሰስ ቢል ለጠበቃና ለምልልስ የሚያወጣው ገንዘብ ወፍጮውን ሳያስገዛው ያልቃል።

የዚህ መዝገብ ባለቤት የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። የብድር መረጃ ማዕከሉ ከአበዳሪዎች የተበዳሪዎችን መረጃ ይሰበስባል፤ ባንኮችም ከማበደራቸው በፊት ይመለከቱታል። «እኛ ወለድ አንነካም፤ መዝገቡ አይመለከተንም» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን በሙራባሓ የሚገዛው ሰው በዝቷል። ሙራባሓ ወለድ የለበትም እንጂ ዕዳ አለበት፤ በዱቤ የተሸጠ ዕቃ ቀሪ ክፍያ ዕዳ ነው።

የስም መመሳሰል ምን ያህል እንደሚጎዳ የአሜሪካው የራሚሬዝ ጉዳይ ያሳያል። ሰርጂዮ ራሚሬዝ በ2011 እ.ኤ.አ. መኪና ሊገዛ ሄዶ፣ ትራንስዩኒየን የተባለው የብድር መረጃ ድርጅት ስሙን በመንግሥት የአሸባሪዎችና የወንጀለኞች ዝርዝር ካለ ሰው ስም ጋር ስላመሳሰለበት ሻጩ መኪናውን አልሸጥለትም አለ። ራሚሬዝ ለራሱ ብቻ አልከሰሰም፤ ተመሳሳይ ችግር የደረሰባቸውን 8,185 ሰዎች ወክሎ ከሰሰ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2021 እ.ኤ.አ. በ5 ለ4 ድምፅ የተሰጠው ውሳኔ ካሳ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው የተቀበለው ግን የተሳሳተው መረጃ ለሌላ ወገን የተላከባቸውን 1,853 ሰዎች ነው። የቀሩት መዝገባቸው የተሳሳተ ቢሆንም ማንም እንዳየው ስላልተረጋገጠ ካሳው ቀረባቸው።

ለእኛ ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። «መዝገቤን ማን አየው?» የሚለው ጥያቄ የጉዳት ማስረጃ ነው። አሜሪካውያን በ1970 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕጋቸው መሠረት ቢያንስ ባለፈው አንድ ዓመት መዝገባቸውን የተቀበለውን ወገን ማንነት መጠየቅ ይችላሉ።

በአገራችንስ? በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ዜጋው ስለ እሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና ስህተቱን የማስታረም መብት ሰጥቶታል። የአዋጁን አፈጻጸም የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ደግሞ ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸውን ሰዎች የሚወክል ግለሰብ ወይም ማኅበር ፍትሕ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። በ1958 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 38 አንዱ ለብዙዎች እንዲከስስ መንገድ ከፍቷል፤ ሆኖም የሚወከሉት ሁሉ መስማማታቸውን ፍርድ ቤቱ መረዳት አለበት።

ይህ ቅድመ ሁኔታ በመላ አገሪቱ ለተበተኑ ሺህ ሰዎች ከባድ ነው። በመስጂድና በገበያ በሚተዋወቅ እንደ መንጌ ባለ ማኅበረሰብ ግን አንድ ዓይነት ስህተት የደረሰባቸውን ሃያ ሰዎች አሰባስቦ ማስፈረም የሚቻል ነው። የሚጎድለው ማስረጃው ነው። «አይሆንም» የተባለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቃል ብቻ ተሰናብቶ ይመለሳል።

ስለዚህ የተከለከለ ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቅ። ስለ እሱ የተያዘው መረጃ ምን እንደሆነና ማን እንዳየው በማመልከቻ ይጠይቅ፤ ግልባጩንም ይያዝ። ባለ 12 አኃዙ የፋይዳ ቁጥር ያለው ቁጥሩ ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ ያድርግ፤ ስም ይመሳሰላል፣ ቁጥር ግን አይመሳሰልም። ከወለድ ነፃ ባንኮችም ሳይጠየቁ ይህን ቢያደርጉ ከስማቸው ጋር የሚሄድ ሥራ ነው።

በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ አል-በቀራ 282፣ ስለ ዕዳ መጻፍ የሚናገር ነው። እዚያ የሚጻፈውን የሚያስጽፈው ባለዕዳው ነው፤ በራሱ ላይ የተጻፈውን ሳያውቅ አይቀርም ማለት ነው። ዛሬ ግን መዝገባችንን ባንኩ ያውቃል፣ እኛ አናውቅም። የጋራ ክስ የመጨረሻው በር ነው፤ ያ በር የሚከፈተው ግን ዛሬ ባንክ ቤት መስኮት ላይ በምንጠይቀው ወረቀት ነው።