ቆመው የሰቀሉትን

ጥምቀት ሲቃረብ አዲስ አበባ ውስጥ ትርፍ መሰላል ማግኘት ቀላል አይደለም። ቀለም ቀቢውም፣ የዲሽ ሠራተኛውም፣ አናጺውም መሰላሉን ለሰፈር ልጆች አውሶ «ለከተራ እንዳታሳድሩብኝ» እያለ ይለማመጣል። ገና ካለፈበት ሳምንት ጀምሮ የጥምቀት ተመላሽ ማኅበራት ደረሰኝ ይዘው በየቤቱ ያንኳኳሉ። የሚሰጥ ይሰጣል፤ «ነገ ኑ» የሚልም አይጠፋም። ከመርካቶ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የፕላስቲክ ጥብጣብ በጥቅል ተገዝቶ ይመጣና ከምሰሶ ምሰሶ፣ ከቆርቆሮ አጥር እስከ ፎቅ በረንዳ ይዘረጋል። የመንገዱ ጠርዝ ቀለም ይቀባል። ዓመቱን ሙሉ ቆሻሻ ሲጣልባት የከረመች ጥግ እንኳ በአንድ ሌሊት ጸድታ ታድራለች።

ይህ ትጋት የሚናቅ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃንሜዳ ተዛውሮ እንደነበር እናስታውሳለን። ገበያው ተነሥቶ ሜዳው ለ2013ቱ ጥምቀት መድረስ ሲኖርበት፣ አካፋና መጥረጊያ ይዞ የወጣውን ወጣት ያየ ሰው «የዛሬ ልጅ ሥራ አይወድም» ለማለት አፉ አይታዘዝለትም። ከበዓል በፊት ከሆነ እጅ ሞልቷል።

የእኔ ትዝብት ከበዓሉ በኋላ ያለውን ይመለከታል። ጥር 11 ቀን አብዛኞቹ ታቦታት ወደ መንበራቸው ይመለሳሉ፤ በማግስቱ በቃና ዘገሊላ ቅዱስ ሚካኤል ይገባል። ጥር 13 ሲነጋ መሰላሉ ወደ ባለቤቱ ሄዷል፣ የኮሚቴው ሒሳብ ተዘግቷል፣ ሥዕል የታተመበት ቲሸርት ታጥቦ ገመድ ላይ ነው። ጥብጣቡ ግን እንደተሰቀለ ቀርቷል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና ፀሐይዋ ለቀለም አትራራም። በየካቲት ቀዩ ወደ ሮዝ ይሄዳል፤ ቢጫው ነጭ ነው ወይስ ቢጫ ብለው የሚከራከሩበት ይሆናል። የበልግ ንፋስ ሲመጣ ይበጣጠስና ግማሹ የመብራት ሽቦ ላይ ይጠመጠማል፣ ግማሹ ቦይ ውስጥ ይወርዳል። ሐምሌ ላይ አስፋልቱ ጎርፍ ሲሆን ጥፋቱ የጥብጣቡ ብቻ ነው ብዬ አልሟገትም። ግን የተደፈነ ቱቦ ሲከፈት ከፌስታሉና ከውኃ ፕላስቲኩ ጋር ተጠላልፎ የሚወጣው ባለሦስት ቀለም ክር ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ጸድቆ ገበያተኛው ዘንቢሉን እንዲያወርድ እየተነገረው ነው፤ ምሰሶ ላይ የሰቀልነውን ፕላስቲክ ግን ማናችንም አንቆጥረውም።

ቀና ብሎ የሚያይ ሰው የመንፈሳዊው በዓል ክብር እዚያ ላይ ሲበጣጠስ ያያል። ዩኔስኮ ጥምቀትን በ2012 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍርልን ደስ ብሎናል፤ የሚዳሰሰው ትራፊ ግን ባለቤት አጥቶ ከርሟል።

ለምን እንዲህ ሆንን ብዬ ሳስብ ስንፍና ብቻ አይመስለኝም። የአባቶቻችን በዓል የሚወርድ ጌጥ አልነበረውም። ለእንቁጣጣሽ የተጎዘጎዘው ቄጤማ ሲደርቅ ተጠርጎ ይወጣል፤ ያገኘው በግ ይበላዋል። አደይ አበባ ይጠወልጋል። የመስቀል ደመራማ ራሱን ያጸዳል፤ መስከረም 16 ወይም 17 እንደየአገሩ ልማድ ይለኮሳል፣ የተረፈውን አመድና ከሰል ሰው ግንባሩ ላይ መስቀል ሊሠራበት ይሻማል። የጥንቱ ጌጥ የበቀለ ነበርና ወደ መሬት ይመለሳል። ስለዚህ መስቀልን እንጂ ማውረድን ከማንም አልተማርንም። ፕላስቲኩ በኋላ መጣ፤ የማይበሰብስ ጌጥ ተቀበልን፣ የሚያወርደውን ልማድ ግን አብረን አላበጀንም። «ቆመው የሰቀሉትን ቁጭ ብለው ማውረድ ያቅታል» የሚለው ተረት ለሌላ ጉዳይ የተተረተ ቢሆንም ለእኛ ምሰሶ ሲበዛ ይስማማል።

ባለፈው ጥር አንድ ቅያስ ውስጥ ያየሁት ነገር ግን ሐሳቤን ወደ ልጆች ወሰደው። ከጥምቀት በኋላ የመጣ ቅዳሜ ረፋድ ነው። አንድ ጎረምሳ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ሌላው ከሥር የመሰላሉን እግር ደግፎለት ጥብጣቡን ከጣሪያ ክዳን እየፈታ ያወርዳል። ከታች ስድስት ሰባት የሚሆኑ ልጆች ተቀምጠዋል፤ ትልቁ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። እዚያ ሰፈር የተሰቀለው ፕላስቲክ አልነበረም። የአንድ ልብስ ሰፊ ቤት ቁርጥራጭ ጨርቅ በሦስት ማዕዘን ተቆርጦ ሲባጎ ላይ ተሰፍቷል። የወረደውን አንዱ ልጅ ከጫፍ ይዞ ያቀብላል፣ ሁለተኛዋ ቋጠሮ ትፈታለች፣ ሦስተኛው ክንድ የምታህል ጣውላ ላይ እንደ ስምንት ቁጥር እያጣመረ ይጠቀልላል። በርጩማ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ይቆጣጠሯቸዋል።

«ማሙሽ፣ አትጎትተው! ይበጠሳል። ቋጠሮውን በጥፍርህ አላላው እንጂ።»

«እማማ፣ እሱ ብዙ ጠቀለለ፤ አሁን ተራው የእኔ ነው።»

«ተራሽ ይደርሳል። መጀመሪያ ያ የተቀደደውን ለይተሽ አምጪልኝ።»

የተቀደደው ለብቻ ነው የሚቀመጠው፤ እማማ ማታ በመርፌ ይይዙታል። ጣውላው ሲሞላ ልጁ ጫፉን ሸጉጦ በእስክሪብቶ ይጽፍበታል፦ «ከሱቁ እስከ ቧንቧው»። ሲጽፍ ምላሱን ወጣ አድርጎ ነው፤ ፊደሎቹ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ብለዋል። ይህ ጽሑፍ ለዘንድሮ ጥር ምን ያህል ሥራ እንደሚያቀል የሚገባው፣ ርዝመቱን ሳይለካ ገዝቶ ሦስት ምሰሶ ሲቀረው ያለቀበት ኮሚቴ ነው። ልጆቹ ማንም የጉልበት ዋጋ ቃል አልገባላቸውም። በመጨረሻ ዳቦና ሻይ መጣ፤ ከዚያ የተረፈች የሲባጎ ቁራጭ ለዝላይ ገመድ ተሰጠቻቸውና ቅያሱ በጩኸት ተሞላ።

እዚያ የተማሩትን ልብ በሉ። ቋጠሮ መፍታት ትዕግሥት ነው፤ የተቀደደውን ከደኅናው መለየት ማስተዋል ነው፤ «ለከርሞ» ብሎ ማስቀመጥ ደግሞ ከርሞን ማሰብ ነው። በሰቀላው ቀን እነዚሁ ልጆች ከትልልቆቹ እግር ሥር ነበሩ፣ «ዞር በል፣ መሰላሉን ታናጋዋለህ» ሲባሉ የዋሉ። ሰቀላ ከፍታ ላይ ነውና የጎረምሳ ሥራ ነው። የማውረዱ አብዛኛው ሥራ ግን መሬት ላይ ነው፤ ትንሽ ጣት ከትልቅ ጣት ይልቅ ቋጠሮን ይችላል። ሰፈራቸውን በእጃቸው የነኩባት ቀን ያቺ ቅዳሜ ነበረች ማለት ነው።

ቤታችንም ከዚህ አይርቅም። ታኅሣሥ 29 ቀን ለገና ያቆምናትን ዛፍ እስከ ጥምቀት እናሳድራትና፣ ልጆች ትምህርት ቤት በዋሉበት ሰዓት እናት ወይም የቤት ሠራተኛዋ ብቻዋን ፈታ ወደ ካርቶኗ ትመልሳታለች። ካርቶኗም አትዘጋም፤ እነዚያ ቅርንጫፎች ፋብሪካ ውስጥ በምን ተአምር እንደታጠፉ እስካሁን አልገባኝም። ልጅ ተመልሶ ሲመጣ ጥጉ ባዶ ነው። ዛፏ በፈቃዷ መጥታ በፈቃዷ የምትሄድ እንግዳ ትመስለዋለች። ምነው ቢጠብቁት? ጥጡን ከቅርንጫፉ ለቅሞ ይሰበስባል፤ የምትበራዋን አምፖል ገመድ ከማስቀመጣችን በፊት ሶኬት ላይ ሰክተን የትኛዋ እንደተቃጠለች ያያል። የጽድ ቅርንጫፍ ለቆረጠ ቤት ሥራው ከዚህም ይቀላል፦ ጌጡ ይፈታል፣ የደረቀው ጽድ ወደ ምድጃ ይሄዳል።

ስለ ማስቀመጥ ካነሣን፣ ማንም እንዲያስተምረን አንፈልግም፤ እድር አለን። ድንኳኑ ከለቅሶ ቤት ሲወርድ አይታችሁ ከሆነ፣ ብረቱ በቁጥር፣ ሸራው በእጥፋት፣ አግዳሚ ወንበሩ በምልክት፣ ብርጭቆና ሳህኑ አንድ በአንድ ተቆጥሮ ነው ዕቃ ቤት የሚገባው። የጎደለ ካለ ያስረከበው ይጠየቃል። ሐዘንተኛ ሳለን እንኳ ቆጥረን የምናስገባ ሰዎች፣ ደስታ ላይ ስንሆን በትነን እንሄዳለን። የእድሩ ዕቃ ቤት ደግሞ ባብዛኛው ሰፈር አንድ ከረጢት ሙሉ ጨርቅ የማስቀመጫ ጥግ አያጣም።

ከራሱ ከበዓሉ ውስጥም ምሳሌ አለልን። ምንጣፍ አንጣፊዎቹን ተመልከቱ። ታቦቱ ያለፈበትን ቀይ ምንጣፍ ከኋላ ጠቅልለው በትከሻቸው ተሸክመው፣ ሕዝቡን በጎን እየሰነጠቁ ሮጠው ከፊት እንደገና ያነጥፉታል። ካልጠቀለሉ የሚያነጥፉት የላቸውም። ላባቸው እየተንጠፈጠፈ ደጋግመው ይህን ሲያደርጉ የዋሉ ወጣቶች ጥብጣብ ማውረድ ከበዳቸው ብል ውሸት ይሆናል። ያልተነገራቸው፣ ያልታቀደላቸው፣ ገንዘብም ያልተያዘለት ስለሆነ ነው።

«ልጆችን ለምን ሥራ ታስገባላችሁ?» የሚል አይጠፋም። ልጅ ምሰሶ ላይ ይውጣ አላልኩም። መብራት ሽቦ አጠገብ ያለውን ለባለሙያ እንጂ ለጎረምሳም አልተውም፤ ጭራሹኑ ሽቦ አጠገብ መሰቀሉ ነው ስሕተቱ። የልጆቹ ቦታ ከታች፣ ትልቅ ሰው ባለበት፣ መንገዱ ለመኪና በተዘጋበት ሰዓት ነው። «ባንዲራ ማውረድ ደስ አይልም» የሚሉኝም አሉ። የነተበና ቀለሙ የለቀቀ ባንዲራ ሽቦ ላይ ተጠምጥሞ ሲውለበለብ ነው እኔ ደስ የማይለኝ። በክብር የተሰቀለ በክብር ቢታጠፍ የሚቀርበት ነገር የለም።

ጨርቅ ከፕላስቲክ ይወደዳል የሚለው ክርክር እውነትነት አለው። አንድ ጥምቀት ብቻ ለሚያስብ ኮሚቴ ፕላስቲኩ ይረክሳል። ያው ኮሚቴ ግን በየጥሩ ያንኑ ጥብጣብ በያመቱ ዋጋ ይገዛል፤ ዋጋው ደግሞ ዘንድሮ በአምናው አይቆይም። በየሰፈሩ ያለ ልብስ ሰፊ ቁርጥራጩን መጣያ አጥቶ ነው የሚያቃጥለው፤ ሄዶ የሚጠይቀው ቢያገኝ እያመሰገነ ይሰጣል። የሚቀረው ሲባጎና የጥቂት ቅዳሜዎች ስፌት ነው፤ ያንንም ጣውላ ላይ የሚጠቀልሉ ልጆች ካሉ ደግሞ ደጋግመው አይገዙትም።

ዘንድሮ የሰፈራችን ኮሚቴ ደረሰኙን ይዞ በሬን ሲያንኳኳ የምጠይቀው አዘጋጅቻለሁ። የሚወርደው መቼ ነው? መሰላሉን የተዋሳችሁት ሰውዬ ለሁለተኛ ቀን እሺ ብሏል ወይ? ልጆቹን ማን ይይዛል፣ የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍስ ማን ጠይቋል? መልስ ካላቸው መዋጮዬን ለሁለት ከፍዬ እሰጣለሁ፦ ግማሹ ከከተራ በፊት ለሚሰቀለው፣ ግማሹ ሚካኤል በገባ ማግስት ለሚወርደው፤ የልጆቹ ዳቦና ሻይ ከዚህኛው ይታሰባል።